አነስተኛ የሚሉት ውድድር፦ ስለ ፊገር ስኬቲንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሙኒክ የሚነሣው ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ ኦበርስትዶርፍ ሲደርስ ሐዲዱ እዚያው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ነው። በጀርመን ደቡባዊ ጫፍ ያለችው፣ አሥር ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ይህች ከተማ በየዓመቱ በመስከረም፣ እኛ ደመራ በምንደምርበት ሰሞን፣ ኔበልሆርን ትሮፊ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፊገር ስኬቲንግ ውድድር ታስተናግዳለች፤ ፊገር ስኬቲንግ በሙዚቃ ታጅቦ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘልሉበትና የሚሽከረከሩበት ስፖርት ነው። ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ በላይ ከሚታየውና 2,224 ሜትር ከፍታ ካለው የኔበልሆርን ተራራ ነው፤ የተጀመረውም በ1969 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምኖረው ሙኒክ ነው። ወደ ኦበርስትዶርፍ ስሄድ ከሁሉ አስቀድሜ ሻንጣ ውስጥ የምከተው ጋቢዬን ነው፤ ውጭው ገና ፀሐይ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ በረዶ ፊት ተቀምጦ መዋል ብርዱን አጥንት ድረስ ያስገባዋል። እዚያ ሳለሁ ጋቢውን የሚያዩ ጀርመናውያን ይጠይቁኛል፤ ስመለስ ደግሞ የሀገሬ ልጆች ቡና ላይ ይጠይቁኛል። "ኦሊምፒክ አይደለም፣ የዓለም ሻምፒዮና አይደለም፤ ለዚህ ነው ከሥራ ፈቃድ ወስደህ የሄድከው?" ይሉኛል። ጥያቄው ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው ስሕተትም እንዲሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝምና ደጋግመው የገጠሙኝን አንድ በአንድ ላንሣቸው።

"የበረዶ ላይ ዳንስ ነው፤ ዳንስ ደግሞ ስፖርት አይደለም"

ስፖርቱን በጅምላ "የበረዶ ላይ ዳንስ" ብለን መጥራት ለምደናል። የበረዶ ላይ ዳንስ ግን ከአራቱ ዘርፎች አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት የወንዶች ነጠላ፣ የሴቶች ነጠላ እና የጥንድ ውድድር ናቸው። በጥንድ ውድድር ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ ያነሣታል፣ ወርውሮም ያዘልላታል። በዳንሱ እንዲህ ያለ ዝላይ የለም፤ ተወዳዳሪዎቹ የሚመዘኑት በእግር ሥራቸው፣ እርስ በርስ ባላቸው ቅርበትና ሙዚቃውን በመከተላቸው ነው።

በነጠላ ውድድር አራት ዙር የሚዘልል ሰው አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ሲያርፍ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል በአንድ እግሩ፣ ያውም ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ባለው ብረት ላይ ይቀበላል። በቴሌቪዥን ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትቀመጡ ግን ብረቱ በረዶውን ሲነክስ ድምፁ ይሰማችኋል፤ ከወደቁም የጎድን አጥንታቸው ከበረዶው ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ስፖርት ነው አይደለም ብሎ ሲከራከር አላየሁም።

"ታላላቆቹ እዚያ አይመጡም፤ ታሪክ የሚሠራው በትልቁ መድረክ ነው"

በጣም የተሳሳተው ይኼኛው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ።

የፊገር ስኬቲንግ ዓመት የሚጀምረው በአውሮፓውያኑ በጋ መጨረሻ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግራንድ ፕሪ የሚባሉት ትላልቅ ውድድሮች ይካሄዳሉ፤ በጥር የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ በመጋቢት የዓለም ሻምፒዮና ይከተላል። ከግራንድ ፕሪ በፊትና በመካከሉ የሚደረጉትን አነስተኛ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ኅብረት ከ2014 ጀምሮ ቻሌንጀር ሲሪስ በሚል ስም አሰባስቧቸዋል። ኔበልሆርን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የዛግሬቡ ጎልደን ስፒን እና በብራቲስላቫ የሚካሄደው የኦንድሬይ ኔፔላ መታሰቢያም እንዲሁ። አንድ ታላቅ ተወዳዳሪ በጋውን ሙሉ ያዘጋጀውን አዲስ ፕሮግራም (በሙዚቃ የሚያቀርበውን ትርኢት) ያለ ምንም ፈተና ይዞ ወደ ግራንድ ፕሪ መግባት አይፈልግም። ስለዚህ በመስከረም ወደ ትናንሾቹ አዳራሾች ይመጣል፤ ያልተሞከረውንም ነገር ይዞ ይመጣል።

ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ በ2016 ባለ አራት ዙር ሉፕ ዝላይን በዓለም አቀፍ ውድድር በማሳረፍ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን በዚያን ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበር። ያን ዝላይ ያረፈው ግን በኦሊምፒክ ወይም በዓለም ሻምፒዮና ሳይሆን ሞንትሪያል በተካሄደው ኦተም ክላሲክ በተባለ የቻሌንጀር ውድድር ነው።

ከዚህም የሚልቅ አለ። አክሰል ከዝላዮች ሁሉ ለብቻው ነው፤ ተወዳዳሪው ፊቱን ወደፊት አድርጎ ተነሥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚያርፍ ግማሽ ዙር ይጨምርበታል። አራት ዙር አክሰል ማለት እንግዲህ አራት ዙር ተኩል ነው። ሃንዩ በየካቲት 2022 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ሞከረው፤ ወደቀም። ዓለም ሁሉ ያየው ያንን ነው። ከሰባት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ በተካሄደ አነስተኛ ውድድር ላይ አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ዘለለውና ቆመ። ያን ጊዜ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በስፖርቱ ታሪክ ማንም ያላደረገውን ያን ነገር በዓይናቸው ያዩት በዚያ አዳራሽ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ብሆን ምን አለ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ኦበርስትዶርፍ ራሷም የታሪክ ድርሻ አላት። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ላይ በጥንዶች ውድድር የተነሣው የዳኝነት ቅሌት አሮጌውን የ6.0 ነጥብ አሰጣጥ አፈረሰው። በምትኩ የመጣውና እያንዳንዱን ዝላይና ሽክርክሪት ለየብቻ የሚመዝነው የዛሬው ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ላይ የተሞከረው በ2003 በኔበልሆርን ትሮፊ ነው። ዛሬ ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት ሰሌዳ የተፈተነው በዚያች የተራራ ከተማ ነው።

"ውጤቱ የትም አይቆጠርም"

ይቆጠራል፤ ያውም በሦስት መንገድ።

የመጀመሪያው ለአብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ከሜዳሊያ የሚበልጥ ነው። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ዓለም ሻምፒዮና ለመግባት በሀገር ውስጥ አንደኛ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ኅብረቱ የወሰነውን ዝቅተኛ የቴክኒክ ነጥብ (ለዝላይ፣ ለሽክርክሪትና ለመሳሰሉት የሚሰጠውን) ተወዳዳሪው በሚያቀርባቸው ሁለት ፕሮግራሞች፣ በአጭሩም በነጻውም፣ ማምጣት ግዴታ ነው። ያም ነጥብ የሚገኘው ዕውቅና ባላቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ብቻ፣ በያዝነው ወይም ባለፈው የውድድር ዘመን ነው። አጭሩን በአንዱ ውድድር፣ ነጻውን በሌላው ማሟላት ይቻላል። ስለዚህ ከትንሽ ሀገር የመጣች ልጅ ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው የምትዞረው ያንን ቁጥር ፍለጋ ነው።

አንድ ዓመት ከፊቴ እንዲህ ሆነ። የነጻ ፕሮግራሟን ጨርሳ የወጣች ልጅ ከአሠልጣኟ ጋር ውጤት መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳው ላይ ደረጃዋ ሲወጣ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። አዳራሹ በጨዋነት አጨበጨበ። አሠልጣኟ ግን ደረጃውን አላዩትም፤ ጣታቸውን ወደ ቴክኒክ ነጥቧ ቀስረው ከመቀመጫቸው ዘለሉ። ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው "ምስኪን፣ ተሸንፋ ነው" አለ። አልነበረም፤ ወደ አውሮፓ ሻምፒዮና የሚያስገባትን ነጥብ አግኝታ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ደረጃ ነጥብ ነው፤ ለግራንድ ፕሪ ጥሪ ሲደረግ ይታያል። ሦስተኛው በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ነው። አብዛኛው የኦሊምፒክ ቦታ የሚከፋፈለው ከኦሊምፒኩ በፊት ባለው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲሆን የተረፉት ጥቂት ቦታዎች በመስከረም ለመጨረሻ ጊዜ ይወጣሉ። ለቫንኩቨር፣ ለሶቺ፣ ለፒዮንግቻንግና ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ይህ የመጨረሻ በር የተከፈተው ኦበርስትዶርፍ ላይ ነበር፤ በ2009፣ በ2013፣ በ2017 እና በ2021። ለሚላኖው ኦሊምፒክ ግን ማጣሪያው በ2025 ቤጂንግ ላይ ተደርጓል።

"ቦታውን ያገኘው ስኬተር ኦሊምፒክ ይሄዳል"

ላይሄድ ይችላል። ቦታው የሀገሩ እንጂ የተወዳዳሪው አይደለም። በ2021 የአሜሪካኖቹ ቪንሰንት ዡ እና አሊሳ ሊዩ ኦበርስትዶርፍ ላይ በየዘርፋቸው አንደኛ ወጥተው ለአሜሪካ በየዘርፉ ሦስተኛ የኦሊምፒክ ተሳትፎ ቦታ አስገኝተዋል፤ በቡድኑ ውስጥ ስማቸው እስኪገባ ድረስ ግን የሀገራቸውን ፌዴሬሽን ምርጫ እንደ ማንኛውም ሰው መጠበቅ ነበረባቸው።

የ2017ቱ ታሪክ ደግሞ እንደ ልብ ወለድ ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጡት ሪዮም ቴ ኦክ እና ኪም ጁ ሲክ የተባሉ ጥንዶች በኦበርስትዶርፍ ስድስተኛ ሆነው ለሀገራቸው የፒዮንግቻንግን ቦታ አገኙ። የሀገራቸው የኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን ቦታውን እንደሚጠቀምበት በተሰጠው ቀን ገደብ ውስጥ አላረጋገጠም፤ ቦታው ለጃፓን ተላለፈ። ሁለቱ ልጆች በላባቸው ያገኙት ነገር በአንድ ያልተላከ ደብዳቤ ጠፋ። በጥር 2018 ሁለቱ ኮሪያዎች ሲነጋገሩ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተጨማሪ ቦታ ሰጣቸው፤ በደቡብ ኮሪያ ምድር ተወዳድረው በሕይወታቸው ከፍተኛውን ነጥብ አምጥተው 13ኛ ወጡ። ብዙ ሰው ስለ እነርሱ የሰማው ያን ጊዜ ነው። የትንሹን ውድድር ተከታታይ ግን ከአምስት ወር በፊት ያውቃቸው ነበር፤ ለፖለቲካ ሲባል የተጋበዙ እንግዶች እንዳልነበሩና ቦታውን በበረዶው ላይ አስቀድመው እንዳገኙት ያውቅ ነበር።

"ወደቀ፤ አለቀለት"

በመጀመሪያ ዓመቴ ተወዳዳሪ ሲወድቅ እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት ጀርመናዊት፣ ይህን ውድድር ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ናቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ደብተር አስቀምጠው በእርሳስ ይጽፉ ነበር። አንድ ልጅ ሉትስ የተባለውን ዝላይ በአራት ዙር ዘልሎ ሲወድቅ እኔ ራሴን ስይዝ እሳቸው ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። "መጀመሪያ ዙሩን ቁጠር፤ መውደቁ ቀጥሎ ነው" አሉኝ። ከዚያ ያስረዱኝን ሒሳብ ዛሬም እንደዚያው ላስቀምጠው።

ከ2018 ወዲህ ባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው። የአራት ዙር ሉትስ 11.50 ነው። ዳኞች በላዩ ላይ ከ-5 እስከ +5 የአፈጻጸም ነጥብ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ እርከን የመነሻ ዋጋውን አሥር በመቶ ያህላል። የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታች የመጨረሻውን ያገኛል። ስለዚህ አራቱን ዙር ሙሉ ጨርሶ የወደቀ ሰው ከ11.50 ላይ 5.75 ይቀነስበታል፤ ለመውደቁ ደግሞ አንድ ነጥብ ይነሣበታል፤ 4.75 ይቀረዋል። ቶ ሉፕ የተባለው ቀለል ያለ ዝላይ በንጹሕ ሦስት ዙር፣ ያለ ተጨማሪ ነጥብ፣ 4.20 ነው። ወድቆ የተነሣው ልጅ ሳይወድቅ ቀላሉን ከዘለለው ይበልጣል ማለት ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ዙሩ ሲጎድል ነው። የቴክኒክ ቡድኑ ምስሉን አዘግይቶ አይቶ ዙሩ እንደጎደለ ከወሰነ መነሻ ዋጋው ወደ ሰማንያ በመቶ፣ ወደ 9.20 ይወርዳል፤ ከውድቀቱ ጋር የሚቀረው 3.60 ነው። በጣም ከጎደለ ደግሞ እንደ ሦስት ዙር ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ 1.95 ብቻ ይተርፋል። ሦስቱም ውድቀቶች ከመቀመጫ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ምንም ያልወደቀው ነው፦ አየር ላይ ፈርቶ እጁን የከፈተና በአንድ ዙር ብቻ ያረፈ ሰው። ተመልካቹ "ተረፈ" ብሎ ያጨበጭብለታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 0.60 ነው።

ይህ ማለት መውደቅ ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም። ሦስተኛና አራተኛ ውድቀት እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ ያስቀንሳሉ፤ ለድርሰቱ፣ ለአቀራረቡና ለመንሸራተት ችሎታው የሚሰጠው ነጥብም ጣሪያው ዝቅ ይላል። ነገር ግን ከውድድሩ በኋላ ይፋ የሚደረገውን ዝርዝር የነጥብ ወረቀት ማንበብ የቻለ ተከታታይ ማን ለምን እንዳሸነፈ ለመረዳት የማንንም አስተያየት አይጠብቅም። ትንሽ ውድድር ለዚህ ትምህርት ይመቻል፤ የቴሌቪዥን ተናጋሪ ጆሮዎ ላይ አይጮኽም፣ በተወዳዳሪና በተወዳዳሪ መካከል ወረቀት ለመያዝ ፋታ አለ። እኔም አሁን የራሴ ደብተር አለኝ።

"በዚህ 250 ያመጣ በዓለም ሻምፒዮናም 250 ያመጣል"

ነጥብ እንደ ሩጫ ሰዓት አይደለም። አሥር ሺህ ሜትር በአዲስ አበባም በዙሪክም አሥር ሺህ ሜትር ነው፤ እዚህ ግን የሚመዝነው የሰው ዓይን ነው። በትልቁ ሻምፒዮና ዘጠኝ ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የሰባቱ አማካይ ይወሰዳል። በአነስተኛ ውድድር ዳኞቹ አምስት ብቻ ከሆኑ ሁለቱ ሲጣሉ ሦስት ይቀራሉ፤ የአንዱ ዳኛ ቸርነት ወይም ንፉግነት ሲሶውን ይይዛል ማለት ነው። የጎደለ ዙር የሚታይበት ካሜራም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ በአንድ ማዕዘን ያመለጠ ጉድለት ሳይመዘገብ ያልፋል። የሀገር ውስጥ ሻምፒዮና ነጥብ ደግሞ ከዚህም የላላ ስለሚሆን በተወዳዳሪው ዓለም አቀፍ ከፍተኛ ነጥብነት ጨርሶ አይመዘገብም። ስለዚህ ከሁለት ውድድሮች የተገኙ ጠቅላላ ድምሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይህ ከዚያ ይበልጣል" ማለት ከንቱ ክርክር ነው። ማወዳደር የሚገባው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳኝነት ፊት የቀረቡትን ነው።

"በመስከረም የታየው የዓመቱ ትንቢት ነው"

በመስከረም የሚቀርበው ፕሮግራም ገና ያልደረቀ ጭቃ ነው። ከውድድሩ በኋላ ዝላዮቹ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ፣ ሙዚቃው ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይጣላል። ስለዚህ አንድ ተወዳጅ ስኬተር ኦበርስትዶርፍ ላይ ሦስት ጊዜ ስለወደቀ "ዘመኑ አለፈ" ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ማንም ትኩረት ያልሰጠው ነገር እዚያ ይበቅላል። አሊሳ ሊዩ በ2022 ገና በ16 ዓመቷ ስፖርቱን ተወች። ሁለት ዓመት ከሰውም ከካሜራም ርቃ ቆየች። የተመለሰችው በጥቅምት 2024 በቡዳፔስት ትሮፊ፣ በቻሌንጀር ውድድር ላይ ሲሆን አሸነፈችም። አብዛኛው ተመልካች "ጥሩ መመለስ ነው" ብሎ አለፈው። በመጋቢት 2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከ2006 ወዲህ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ናት። ቡዳፔስትን ያየ ሰው ያን የሚንሸራተት ደስታዋን ቀድሞ አይቶታል።

"የነጮችና የሀብታም ሀገሮች ስፖርት ነው፤ የቀሩት ለጉብኝት ነው የሚመጡት"

ይህኛውን ከሀገሬ ልጆች አፍ ስሰማ ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት። ስፖርቱ ውድ ነው፤ ጫማው፣ አሠልጣኙ፣ የበረዶ ሰዓቱ ኪራይ ሁሉ ገንዘብ ነው። ነገር ግን "ለጉብኝት" የሚለው ስድብ ነው።

ዶኖቫን ካሪዮ የተባለው ሜክሲኳዊ የሚለማመደው ሌዮን ከተማ ውስጥ በገበያ ማዕከል ባለ፣ ከመደበኛው ያነሰ የበረዶ ሜዳ ላይ ነበር፤ ገበያተኛውና ሕፃናቱ በሚንሸራተቱበት። በ2021 ኦበርስትዶርፍ መጥቶ የቤጂንግን ቦታ አገኘ። ሜክሲኮ በኦሊምፒክ ፊገር ስኬቲንግ ስትወከል ከ30 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ቤጂንግ ላይ ደግሞ ለነጻው ፕሮግራም ያለፈ የመጀመሪያው ሜክሲኳዊ ሆኖ 22ኛ ወጣ። ፊሊፒናዊው ማይክል ክርስቲያን ማርቲኔዝም አስም ያለበት ልጅ ነበር፤ ስፖርቱን የጀመረው በገበያ ማዕከል ሜዳ ላይ ነው። እርሱም በ2013 በዚሁ በር አልፎ ሶቺ ገባ፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ኦሊምፒክ የደረሰ የመጀመሪያው ፊገር ስኬተር ነው።

ስለ ጥቁሮች ከሆነ ጥያቄው፣ አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1988 ካልጋሪ ላይ ነሐስ ስታገኝ በክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆናለች። ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ አምስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1998 ናጋኖ ላይ የተከለከለውን የኋላ ግልባጥ ዘልላ በአንድ እግሯ አረፈች። ያ ክልከላ የተነሣው በ2024 ነው። ጀርመንን ወክሎ ከአልዮና ሳቭቼንኮ ጋር አምስት ጊዜ የዓለም ጥንዶች ሻምፒዮን የሆነው ሮቢን ሾልኮቪ ደግሞ አባቱ ታንዛኒያዊ ናቸው፤ ከጎረቤቶቻችን ሰፈር ማለት ነው። የእኛም ሮቤል ተክለማርያም፣ በፊገር ስኬቲንግ ባይሆንም፣ በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ የስኪ ውድድር ተሰልፎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ወክሏል። ኦበርስትዶርፍ ራሷ የታወቀች የስኪ ከተማ ናትና ከአዳራሹ ወጥቼ የዝላይ ማማዎቹን ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

"ከሩቅ መከታተል አይቻልም"

ይቻላል። የተወዳዳሪዎች ዝርዝር፣ የሰዓት ሰሌዳና የነጥብ ወረቀቱ በይፋ ይወጣሉ፤ ውጤቱም ተወዳዳሪው ከበረዶው እንደወጣ በኢንተርኔት ይታያል። ሥርጭቱ እንደ ውድድሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ በነጻ ነው፣ አንዳንዱ በክፍያ፣ አንዳንዱ ደግሞ የቴሌቪዥን መብቱ በተሸጠበት ሀገር ይዘጋል። የታዳጊዎቹ ግራንድ ፕሪ ለዓመታት በዩቲዩብ በነጻ ታይቷል፤ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ የለም። በመስከረም አዲስ አበባ ከጀርመን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት የሚጀምር እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የተወዳዳሪዎች ዝርዝር እስከ መጨረሻው ቀን ስለሚለወጥ አንድን ስም ብቻ ብላችሁ አትጠብቁ።

በአካል ለመጣ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ተወዳዳሪዎቹ በመተላለፊያው አጠገባችሁ ያልፋሉ፤ ይህ ፈቃድ አይደለም። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ጋር ፎቶ አይጠየቅም፣ ካሜራ አያብረቀርቅም፣ ፕሮግራሙ እየቀረበ ከመቀመጫ አይነሣም። ያልተጠቀለለ አበባም አይወረወርም፤ በረዶው ላይ የቀረች አንዲት ቅጠል ለሚቀጥለው ሰው አደጋ ናት።

"የመጨረሻውን ምድብ ማየት ይበቃል"

በነጻ ፕሮግራም ቀን ተወዳዳሪዎች የሚወጡት በአጭሩ ፕሮግራም ደረጃቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ መሪዎቹ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ትኬቱን ገዝቶ የሚገባው ለእነርሱ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ምድብ ጀምሮ እገባለሁ፤ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለውም ይህንኑ ነው። ጠዋት ላይ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። ስድስት ተወዳዳሪዎች ለስድስት ደቂቃ ማሟሟቂያ ይወጣሉ፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ከአንድ ጥግ ብቻ፣ ባንዲራ ከያዙ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች፣ ጩኸት ይሰማል። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ መጀመሪያ ወጣ። ሁለት ዝላይ አበላሸ፣ ሦስተኛውን አረፈ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሳያጓድል ጨረሰ። ከሠላሳ የማንበልጥ ሰዎች ቆመን አጨበጨብን። አዳራሹ ሙሉ እንደሆነ አድርጎ ወደ አራቱም አቅጣጫ እጅ ነሣ፤ ከጥጉ የተወረወረችለትን አንዲት የጨርቅ ድብ አንሥቶ እንደያዘ ወደ በሩ ተንሸራተተ፤ ቀጣዩ ተወዳዳሪም ገባ።